ተራ ቁጥር ሰባት፣ የከብት ብዛት

ነገሩ ሁሉ የጀመረው አቶ ወንዳፈረው ከሳቃት አንዲት ሳቅ ነው።

ጊዜው 1973 ዓ.ም.፣ ወሩ ነሐሴ፣ ቦታው ሆሳዕና ነበር። የአውራጃው የተማሪ መርጃ ኮሚቴ ኮሌጅ ከተመደቡት ልጆች መካከል ችግረኞቹን እየመረጠ የመሳፈሪያ፣ የብርድ ልብስና አነስተኛ የወር ድጎማ ይሰጣል። ድጎማውን የሚፈልግ ልጅ አባቱን ይዞ ይመጣል። አባትየው ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ አምስት የኮሚቴ አባላት ከተደረደሩበት ረጅም ጠረጴዛ ፊት ይቆማል፤ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ከዚያ በሰው ሁሉ ፊት «ድሃ ነኝ» ይላል። ማለቱ ብቻ አይበቃም፤ ምን ያህል ድሃ እንደሆነ ይመረመራል።

ወንዳፈረው የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ስለነበረ ቃለ ጉባኤውን የሚይዘው እሱ ነው። በዚያ ነሐሴ ከጊምቢቹ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ቆመው ሳለ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ገብረወልድ «ስንት ከብት አለህ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አንዲት ላም ነበረችኝ። ሞተች» አሉ አዛውንቱ።

«ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!» አለ ገብረወልድ። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። ወንዳፈረውም ሳቀ። አዛውንቱ ጨዋታው ስላልገባቸው አብረው ፈገግ አሉ። ከኋላቸው የቆመው ልጃቸው ግን ገብቶት ነበርና እስከ መጨረሻው ቀና አላለም።

ወንዳፈረው የዚያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ። ክፉ ሰው አይደለም። ከመንዝ ተነሥቶ ሆሳዕና ከገባ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ ባለጉዳይ አያንገላታም፣ ጉቦ አይቀበልም፣ ጾም አይሽርም። ሰው ፊት ግን ከትልቅ ሰው ጋር አብሮ መሳቅ ይወዳል፤ ድክመቱ ይህ ነው። ያቺ ሳቅ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ከረመች።

በሚቀጥለው ዓመት መላ ዘየደ። አንድ ገጽ ፎርም አዘጋጀ። አባት መምጣት ቀረ፣ ሽማግሌ መደርደር ቀረ፤ ልጁ ራሱ ዐሥራ ሁለት ጥያቄ ይሞላል፣ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ያሳርፍበታል፣ አለቀ። ከሦስት ከብት በላይ ያለው ቤተሰብ ልጅ ጉዳዩ አይታይለትም የሚል ደንብ ከታች አሰፈረ፤ ስቴንስሉን ራሱ መታ፤ ማባዣውን ራሱ እያዞረ እስከ ክርኑ ቀለም ተቀባ። ገብረወልድም ስብሰባ ስለሚያሳጥርለት ወደደው። መምህራኑ «የወንዳፈረው ፎርም» እያሉ ይጠሩት ጀመር፤ እሱም በሰማ ቁጥር ያልሰማ ይመስል መነጽሩን ይወለውላል። ተረቱ ግን እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች ይላል።

ከሞሉት ልጆች አንዷ ሮማን ባፈና ነበረች። ከሀደሮ ገጠር መጥታ ሆሳዕና ቤት ተከራይታ የተማረች፣ ካቶሊክ የሆነ የከምባታ ቤተሰብ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት በማትሪክ ከእሷ የሚበልጥ ውጤት ያመጡ ሁለት ወንዶች ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ተመድባለች። ፎርሙን እዚያው ወንዳፈረው ጠረጴዛ ጥግ ቆማ ሞላች። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ፣ የከብት ብዛት ከሚለው ፊት ለፊት፣ ሳታመነታ 5 ብላ ጻፈች።

ወንዳፈረው አጎንብሶ ቁጥሩን አየ። «አምስት? እርግጠኛ ነሽ?»

«ክረምት ቤት ስገባ የማልባቸው እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ደንቡን አንብበሻል? ከሦስት በላይ ከሆነ...»

«አንብቤያለሁ። ልዋሽ?»

«የለም የለም! ማን ዋሺ አለሽ?» አለና አፈረ። «እኔ የምለው፣ ታዲያ አባትሽ አንዷን ሸጦ ለምን አይልክሽም?»

ልጅቷ እስክሪብቶውን ከደነችው። «አባቴ ከብት አይሸጥም። ለምኜዋለሁ። ከእኔ ይልቅ ለከብቶቹ ያዝናል» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ያለው ቅሬታ የቆየ ነበር።

ደንብ ደንብ ነው። በተለይ ደንቡን ያወጣኸው አንተ ከሆንክ። ወንዳፈረው የሮማንን ፎርም እየከነከነው ከማይታዩት ክምር ላይ አኖረው፤ ያልተካተቱት ልጆች ስም ዝርዝርም ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆመው አረፈዱ። የቅዳሴ ቀን ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጫማቸው ላይ የመንገዱ ጭቃ ደርቋል። ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ እስኪወጣ ጠብቀው ገቡና ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ባፈና እባላለሁ። የሮማን አባት ነኝ።»

«እህ፣ ባለ አምስቱ ከብት!» አለ ወንዳፈረው። አባትየው በዕድሜ ይበልጡታል፤ ለገበሬ ግን «አንተ» ማለት በጽሕፈት ቤቱ የተለመደ ነበር። «ልጅህ ጎበዝ ናት። አንተ ግን ንፉግ ነህ። አንዲት ጊደር ብትሸጥ ምን ትሆናለህ?»

ባፈና በአማርኛቸው ቀስ ብለው፣ ቃሉን እየመረጡ መለሱ። «ከብቶቹ የእኔ አይደሉም። የሰው ናቸው። ርቢ ነው የያዝኩት።»

በዚያ አገር ከብት ያለው ሰው ከብቱን ሁሉ በራሱ በረት አያስርም። ይሰጣል። ተቀባዩ ያረባል፣ ወተቱን ይጠጣል፣ ፍጉን እንሰቱ ሥር ያፈሳል፤ ከሚወለደው አልፎ አልፎ ድርሻውን ያገኛል፤ ለባለቤቱ ደግሞ በዓመት በዓል ቅቤ ይልካል። የማን ከብት የማን ቤት እንዳለ ግን አይነገርም። ባለቤቱ ስንት እንዳለው አይታወቅበትም፤ ተቀባዩም በጎረቤቱ ፊት ባለከብት ተብሎ ይከበራል። በዚህ ምስጢር ሁለቱም ይጠቀማሉ። ልጆች እንኳ አይነገራቸውም።

«ልጅቷ አታውቅም?» አለ ወንዳፈረው።

«አታውቅም። ድርሻዬ አንዲት ጥጃ ነበረች፤ ለቤት ኪራይዋ ሸጥኳት። ልጄ ጥጃዋ የሞተች ይመስላታል።» ባርኔጣቸውን በጣታቸው አዞሩት። «አምና ቢሆን እኔ ነበርኩ የምመጣ። እቆማለሁ፣ ድሃ ነኝ እላለሁ። ሽማግሌዎቼ ይምላሉ፤ የእሱ አይደለም ይላሉ፣ የማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ዘንድሮ የሚጽፍ ልጅ ነው። ልጅ ምን ያውቃል?»

ወንዳፈረው ይህን አልጠበቀም። ያ ሁሉ የኮራበት ፎርም፣ አባቶችን ከውርደት ያድናል ያለው ወረቀት፣ እኚህን ሰው አፋቸውን ዘግቶባቸዋል። ሰው ደግሞ ሥራው ሲነቀፍ ከማፈሩ በፊት ይቆጣል።

«እሺ፣ የማን ናቸው? ስሙን ንገረኝ፤ ባለቤቱ መጥቶ ይፈርም፤ ልጅህ ትታያለች።»

ባፈና ቀና ብለው አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት። «የአደራ ባለቤት ስሙ አይጠራም» አሉ።

«እንግዲያው ምን ላድርግህ? እናንተ ሰዎች እኮ ቀላሉን ነገር ታከብዱታላችሁ! አንድ ስም! ለልጅህ ስትል አንድ ስም መጥራት ያቅትሃል?»

«አደራ ጥብቅ ነው» አሉ ባፈና። ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «ለልጄ አይንገሩብኝ።» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «ወይዘሮ አሰገደች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት» አለ ወንዳፈረው፣ ወረቀት ወደማገላበጡ እየተመለሰ። እኚህ ሰው ሚስቱን ከየት ያውቋታል ብሎ የተገረመው እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነው።

ለምሳ ቤቱ ሲገባ ነገሩን ለአሰገደች እንደ ቀልድ አነሣላት። ስለ ግትርነቱ፣ ስለ ባርኔጣው፣ ስለ ሰላምታው አወራ። እሷ ወጥ ማውጣቷን ትታ ቆመች።

«ባፈና? የሀደሮው ባፈና? አንተ፣ ላሞቻችን ያሉበት ሰውዬ አይደሉም እንዴ?»

ወንዳፈረው ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሁለት ጊደር ገዝቷል። የገዛለት አህመድ የሚባል ባለመኪና ነጋዴ ነው፤ ሀደሮ በኩል ታማኝ ሰው ዘንድ ለርቢ ያኖረለትም አህመድ ነው። ወንዳፈረው የሰውዬውን ስም አልጠየቀም። መጠየቅ አላስፈለገውም፤ በኋላ ደግሞ አብዮቱ መጣና አለማወቁ ተሻለው። የመንግሥት ሠራተኛ ሀብቱን ያስመዝግብ በተባለ ጊዜ ከብት በሚለው ላይ «የለኝም» ብሎ ሞልቷል። ቅቤው ግን በየመስቀሉ በኮባ ተጠቅልሎ በአህመድ መኪና ይደርስለታል። በተረቱ ላም ያለው ሰው ወተቷን አያይም፤ የእኛ ሰው ላሟን ሳያይ ቅቤዋን የሚበላ ነበር።

«አህመድን እኔ ጠይቄዋለሁ» አለች አሰገደች። «ሚስትየዋ የወለደች ጊዜ ነጠላ ልኬላታለሁ። አንተ እኮ ስለ ቅቤው እንጂ ስለ ሰዎቹ ጠይቀህ አታውቅም።»

«ስንት ሆነዋል?»

«ወልደው ወልደው አምስት ነዋ።»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ። «አንድ ስም መጥራት ያቅትሃል?» ብሎ በጮኸባቸው ጊዜ ሰውዬው ያንን ስም ፊት ለፊት ሲያዩት ነበር። ንፉግ ብሏቸዋል። አንተ ብሏቸዋል። እሳቸው ደግሞ የሚስቱን ጤና ጠይቀው ሄዱ።

ጨዋ ሰው ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ ገብረወልድ ዘንድ ገብቶ እውነቱን ይናገር ነበር። ወንዳፈረውም ሊናገር ተነሥቶ ነበር፤ እስከ ገብረወልድ በር ደረሰ፤ «የለኝም» ያለባት ወረቀት ትዝ አለችውና ተመለሰ። መዝገብ ቤቱን ዘጋ፤ ምላጭ አወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የተሳሳተ ቁጥር በምላጭ ሲፍቅ ኖሯል፤ እጁ ለምዶታል። የሮማንን 5 ቀስ አድርጎ ፋቀ፣ በጥፍሩ አለሰለሰ፣ 0 ጻፈበት። ፎርሙን ከማይታዩት ክምር አንሥቶ ከሚታዩት ጨመረው፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውንም ዝርዝር ስሟን አውጥቶ በአዲስ ለወጠው። ልጅቷም ትሄዳለች፣ አባትየውም አይዋረዱም፣ እኔም አልነካም አለ። ፈሪ ሰው መላ አያጣም።

ኮሚቴው መስከረም በገባ በአራተኛው ቀን ተሰበሰበ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ልጆቹ አንድ በአንድ እየገቡ «ከላይ የሞላሁት እውነት ነው» ከሚለው ሥር ይፈርማሉ፣ ይወጣሉ። ሰባቱ ሳያነቡ ፈርመው ወጡ። ስምንተኛዋ ሮማን ነበረች። ይቺ ልጅ ደግሞ ሳታነብ አትፈርምም።

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ይህን እኔ አልጻፍኩም።»

«የትኛውን?» አለ ገብረወልድ።

«ተራ ቁጥር ሰባትን። አባቴ አምስት ከብት አለው። እኔ የድሃ ድርሻ አልወስድም።»

ገብረወልድ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ አነሣው። የተፋቀው ቦታ ሳስቶ ብርሃን አሳለፈ። «ጉድ! ማነው የፋቀው? አባትሽ የት ነው?»

«ውጭ ነው። ሸኝቶኝ መጥቶ ነው።»

ባፈና ተጠሩ። ገቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና ያ የጊምቢቹ አዛውንት ከቆሙባት ቦታ ላይ ቆሙ። ወንዳፈረው ዓይኑን ከቃለ ጉባኤው ላይ አላነሣም።

«ስንት ከብት አለህ?» አለ ገብረወልድ።

«አምስት።»

«የራስህ?»

ወንዳፈረው የሰውዬው ዓይን እንዳረፈበት ሳያይ አወቀ። ዓይኑ ከላዩ ተነሣ።

«የራሴ ናቸው» አሉ ባፈና። «ወረቀቱን ማን እንደነካው አላውቅም። ጥፋት ከሆነ ግን ጥፋቱ የእኔ ይሁን። ልጄ ንጹሕ ናት።»

«ጻፍ፣ ጓድ ወንዳፈረው» አለ ገብረወልድ። ወንዳፈረውም ጻፈ። ይህ ነው ኋላ ሲያስታውሰው ከሁሉ የሚያሳፍረው፤ መጻፉ። «አምስት ከብት የራሳቸው መሆናቸውን አመኑ» ብሎ በሚያምረው የእጅ ጽሑፉ ጻፈ፤ አራት ነጥብም አደረገበት።

ያን ጊዜ ሮማን ወደ አባቷ ዞረች። በከምባትኛ ተናገረች፣ ሰው እንዳይሰማባት። ወንዳፈረው ግን ዐሥራ አምስት ዓመት በከንቱ አልተቀመጠም፤ ይህን ያህል ይሰማል።

«ታዲያ ለምን አንዷን አልሸጥክልኝም?» ነበር ያለችው።

ባፈና መልስ ነበራቸው፤ መልሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ባርኔጣቸውን ብቻ አንዴ፣ ሁለቴ አዞሩ። ልጅቷ ፊቷን አዞረችባቸው፤ ሰው በሞቱ ቀን እንኳ ማየት የማይፈልገው ሐዘን በእኚያ አባት ፊት ላይ ታየ።

«ከብቶቹ የእኔ ናቸው» አለ ወንዳፈረው። ተነሥቶ ቆመና ደገመው። «የእኔ ናቸው። ርቢ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የፋቅኩትም እኔ ነኝ።»

ገብረወልድ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ብቻውን ሳቀ። ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ አቆመ። «ስንት ከብት አለህ?» አለ፤ ያችኑ ጥያቄ፣ በዚያው ድምፅ።

«አምስት።»

«በሀብት መግለጫህ ላይ ምን ብለህ ሞላህ?»

«የለኝም ብዬ።»

ወንዳፈረው የጆሮው ጫፍ ሲግል ታወቀው። የቆመ ሰው እጁን የት እንደሚያደርግ እንደማያውቅ ዛሬ ገባው፤ ለዚህ ነው ሁሉም ባርኔጣቸውን የሚያዞሩት። እሱ የሚያዞረው እንኳ አልነበረውም።

ሮማን አባቷን ታይ ነበር። ቅሬታው ከፊቷ ላይ ሲወርድ ሌላ ነገር ተተካበት፤ ወንዳፈረውን ሚስቱም ልጆቹም እንደዚያ አይተውት አያውቁም። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ ቅቤው...» አለች። «እናቴ ለመስቀል ጣቷን እንኳ ሳትልስ የምትጠቀልለው። እኛ ቆጮ በደረቁ እየበላን። ለቤተ ክርስቲያን ነው ትለን ነበር። ለእርስዎ ነበር የሚመጣው?»

«ለእኔ ነበር» አለ።

ኮሚቴው ሮማንን ስምንተኛ አድርጎ አሳለፋት። ወንዳፈረው ከመዝገብ ቤት ኃላፊነቱ ተነሥቶ ጊምቢቹ ዕቃ ግምጃ ቤት እንዲዛወር ተወሰነበት። ከመውጣቱ በፊት አንድ ስቴንስል ለመምታት ፈቃድ ጠየቀ፤ ለከርሞው ፎርም ነው አለ። ከተራ ቁጥር ሰባት ሥር አንዲት መስመር ጨመረ፤ «በርቢ የተያዘ ከብት አይቆጠርም፤ የባለቤቱም ስም አይጠየቅም» የምትል። ገብረወልድ ሳያነብ ፈረመባት።

ባፈናን በዚያው ቀን ግቢው በር ላይ ደርሶባቸው ነበር። «እርስዎ» ሲላቸው ምላሱ ከበደው፣ ግን አለ። «እርስዎ ዘንድ ይቅሩ። ከብቶቹ የእርስዎ ይሁኑ፤ እባክዎ።»

ባፈና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አደራ ነው የተቀበልኩት። ልጄ አሁን አወቀች። አሁን ብወስድ ምን ትለኛለች?» አሉና ልጃቸውን ተከትለው ወረዱ።

የመስቀል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የአህመድ መኪና በወንዳፈረው ቤት በር ቆመ። ወንዳፈረው ለጊምቢቹ ዕቃውን ሲያስር ነበር። አህመድ የተለመደውን ጥቅል፣ የተለመደውን ያህል፣ በአዲስ ኮባ የተጠቀለለውን አስረከበው።

«ልከዋል?» አለ ወንዳፈረው።

«ለምን አይልኩም? መልእክትም አላቸው። ቀይዋ ላም ወለደች፤ ስድስት ሆነዋል ብለህ ንገርልኝ፣ ቆጠራው እንዳይሳሳትባቸው ብለዋል።»

መኪናው ሄደ። አሰገደች ቢላዋና ሳህን ይዛ ወጣችና ጥቅሉን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ወንዳፈረው አልሰጣትም፤ አልከፈተውምም። ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ ጭኑ ላይ እንደያዘው ቀረ፣ ቅቤው በኮባው ስንጥቅ እየቀለጠ የቢሮ ሱሪውን እስኪያርሰው ድረስ።